ያልጸለይኩበት ሞረድ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ሰው አልሞተበትም፤ ቤት አልፈረሰበትም። ነገሩ የአንድ ቤዝ ጊታር ብረት ነው። ግን ባሰብኩት ቁጥር ፊቴ ይግላል።

ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት፣ ቦሌ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ ባለች ትንሽ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ቤዝ እንድጫወት ተፈቀደልኝ። ከእኔ በፊት ይጫወት የነበረው ወንድም ካርጎ ውስጥ ሥራ ስለበዛበት ነው ቦታውን የለቀቀልኝ። ጊታሩ አርጅቶ ነበር። አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች፣ ፍሬት ከምንላቸው፣ የመጀመሪያዎቹ አምስቱ በክሩ ተበልተው ጎድጉደዋል። ስጫናቸው እንደ ዝንብ ዝዝ ይላሉ።

የካርጎው ወንድም አገላብጦ አየውና፣ "ይሄ የሚሞረድ አይደለም። ተነቅሎ አዲስ ነው የሚገባለት። ብረቱን ወደ ውጭ ለሚበር ወዳጄ አደራ እላለሁ፤ ሁለት ወር ታገሱኝ" አለ።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ግን የወጣቶች ጉባኤ ነበረን። እውነቱን ለመናገር፣ ከጉባኤው ይልቅ "ያ ልጅ አስተካከለው" መባሉን ነበር የፈለግሁት። "ሞርደን እናስተካክለው" አልኩ። ተከራከርን። የመዘምራኑ መሪ፣ ከሲኤምሲ የምትመጣ ረጋ ያለች እህት፣ እንደ ልማዳችን "እንግዲያው እንጸልይበትና እሑድ እንነጋገር" ብላ ዘጋችው።

አልጸለይኩም። ሳምንቱን ሙሉ ለፈተና ሳጠና ነበር። እሑድ ስትጠይቀን ግን፣ "ጸልዬበታለሁ። መሞረዱ ላይ ነው ሰላም ያገኘሁት" አልኩ።

እኛ ዘንድ እንዲህ ካለ ሰው ጋር ማንም አይከራከርም። የካርጎው ወንድም አንገቱን ደፍቶ፣ "ጌታ ካለ እኔ ማነኝ" አለ።

ከብረት ሠሪ ጎረቤቴ ሞረድ ተውሼ አምስቱን ብረቶች ጉድጓዳቸው እስኪጠፋ ሞረድኳቸው። አብረቀረቁ። ችግሩ፣ ከስድስተኛው በታች ወርደው ቀሩ። አራተኛውንም ብጫን አምስተኛውንም፣ ክሩ ስድስተኛው ላይ ያርፍና አንድ ዓይነት ድምፅ ይወጣል።

"ፍሬሽ፣ ዛሬ የተፈቀደልህ አንድ ኖታ ብቻ ነው እንዴ?" አለች መሪያችን በልምምድ ላይ። ሁሉም ሳቁ።

"ክሩ ነው" አልኩ። ሁለተኛ ውሸት።

በጉባኤው ቀን ድምፁን እስከ መጨረሻው ቀንሼ ጣቶቼን ብቻ አንቀሳቀስኩ። ስንጨርስ አንዲት እናት እጄን ይዘው፣ "ልጄ፣ እነዚህ ጣቶች ይባረኩ!" አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የካርጎው ወንድም ከሥራ ሲወጣ በር ላይ ጠበቅሁት።

"አልጸለይኩም ነበር" አልኩት።

"አውቄያለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"በጌታ ስም ዘጋኸኛ! በየት በኩል ልግባ?" ሳቅ አለና ወዲያው ተወው። "ብረቱ ከመጣ እነቅልልሃለሁ። የተናገርከውን ግን እኔ ልነቅለው አልችልም። በእነሱ ፊት ነው ያልከው።"

ብረቱ መጣ። ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ እየመጣ ነቅሎ ገጠመው፤ እኔ የጊታሩን አንገት ይዤለት ነበር።

በቀጣዩ እሑድ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ተነሥቼ ቆምኩ። "አልጸለይኩም ነበር። ዋሽቻችሁ ነው" ስል አውሮፕላን ሊያርፍ በጣሪያችን ላይ አለፈ። ማንም አልሰማኝም። መሪያችን እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ "ምን አልክ?" አለች። መቀመጥ እችል ነበር። ድምፁ እስኪርቅ ጠበቅሁና ደገምኩት። የካቲት 9 ቀን 1989 ዓ.ም. ነበር።