የሃያ ከመቶ ቅናሽ

ወረታ ውስጥ የሩዝ መፈልፈያ የሌለው ሽማግሌ እኔ ብቻ የቀረሁ ይመስለኝ ነበር። ጎረቤቴ ተክሏል፣ የጎረቤቴም ጎረቤት ተክሏል። ማሽናቸው ጠዋት ሲያጓራ እኔም አልጋየ ላይ ሆኜ በቅናት አብሬ አጓራ ነበር። ስለዚህ አራቱን ላሞች ሸጬ ልተክል ቆረጥሁ። ችግሩ የላሞቹ እኩሌታ የሟች ባለቤቴ ድርሻ ነው፤ ይኸውም አሁን የሴት ልጄ። እሷ ደግሞ የሂሳብ አያያዝ ተምራ መሥሪያ ቤት የምትሠራ፣ አባቷን እንኳ ደምራ ቀንሳ የምታይ ሰው ናት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወረቀት ዘረጋች።

«በዓመት ስንት ወር ይሠራል?»

«አሥራ ሁለት።»

«በክረምት ምን ሊፈለፍሉ ነው አባየ? ፎገራ ሜዳ ላይ ውኃ ተኝቶ?»

«ምላስሽን!»

ከኅዳር እስከ መጋቢት ብላ ጻፈች። የአምስት ዓመቱን ወጪና ገቢ ደረደረችና «ትርፉ ከዜሮ በታች ነው፤ አይገዛም» አለች። «ከዜሮ በታችስ አንቺ ነሽ!» ብየ ወጣሁ። ሁለት ሳምንት በአንድ ጣራ ሥር ሳንነጋገር ከረምን። ጨው ስፈልግ እንኳ የምናገረው ለድመቷ ነበር።

አንድ ጠዋት ሥራ ስትሄድ ወረቀቱን ሰረቅሁ። መነጽሬን አድርጌ ስበረብር አንዲት መስመር አገኘሁ፤ «የቅናሽ መጠን፦ ሃያ ከመቶ።» ደሜ ፈላ። ይች መሰሪ! ቅናሽ እንዳለ እያወቀች ደብቃኛለች!

ማሽን ሻጩ ዘንድ በረርሁ። በረርሁ ስል በከዘራ ነው።

«ሃያ ከመቶ ቅናሽ አለኝ» አልሁት።

«ማን ፈቀደልዎት አባት?»

«ተጽፏል! ማንበብ አትችልም?»

ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። «እሺ፣ ለእርስዎ ስል ይሁን። እስከ ሰኞ ብሩን ያምጡ» አለኝ፣ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ። እንዲህ ቶሎ ከለቀቀ ምነው አርባ ባልሁት እያልሁ፣ መንገዱን ሙሉ እሱን ስረግም ተመለስሁ።

ልጄ ከሥራ ስትገባ «ቅናሽሽን አስፈጸምሁት!» አልኋት። ሳቀች። በሁለት ሳምንት የመጀመሪያ ሳቋ ነው፣ ያውም በእኔ። ያ የዋጋ ቅናሽ አይደለም አለች፤ ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ብር ዛሬ እጅ ላይ ካለው ስለሚያንስ በየዓመቱ የሚቀነስበት ነው።

«ሃያውንስ ከየት አመጣሽው?»

«ከላሞቹ። ከወተታቸውና ከጥጃቸው በዓመት የምናገኘው ነው። ማሽኑ ከእነሱ ካልበለጠ ምን ያደርግልናል?»

«እኔስ ከአምስት ዓመት በኋላ ስንት አወጣለሁ?»

«እርስዎን አላሰላሁም፤ ፈርቼ።»

ሻጩ በቀነሰው ዋጋ እንደገና አሰላችው። አሁንም የአንዲት ጊደር ዋጋ ጎደለ።

«ሚያዝያን ጨምሪበት» አልሁ።

«በሚያዝያ ማን ሩዝ ያመጣልዎታል? እርስዎ ራስዎ መቼ ነው ፈልፍለው የሚጨርሱት?»

የካቲት ሳይጠባ ነው። ከዘራየን አንሥቼ ወጣሁ።

ሰኞ ሳልሄድ ቀረሁ። አመነ ብላችሁ ግን እንዳታስቡ። ይቅርታም አልጠየቅኋት፣ ወረቀቱንም አልመለስሁላት። ሻጩ ወሬውን በከተማው ነዝቶት «ቅናሽ» የሚል ስም ወጥቶልኛል፤ እሱንም አልማርሁትም።

ዘንድሮ በክረምት በጎረቤቴ መፈልፈያ በኩል አለፍሁ። በሩ ተቆልፎ ደጁ ሣር አብቅሏል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ባለኝ ነበር። አሁን ግን ልጄ ልክ ነበረች ማለት ነውና፣ ቁልፉን በከዘራየ አንድ ጊዜ አቅምሼው ወደ ላሞቿ ሄድሁ።