የሌለው መስታወት

መስታወት ቆራጩን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው «ጋሽ ቀስ» በሚለው ስም ነው። ሠላሳ ዓመት መስታወት ሲቆርጥ፣ ሲሸከምና ሲገጥም ኖሮ «ቀስ» የምትለው ቃል ምላሱ ላይ ቤት ሠርታለች። ሚስቱ በር ስትዘጋ «ቀስ» ይላል፤ ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ሲያነሳ «ቀስ» ይላል፤ ለትዳር ለመጠየቅ እንኳ ሦስት ዓመት እንደፈጀበት ሚስቱ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ታወራለች።

ሱቁ አስፋልቱ ዳር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። መሃል ላይ አሮጌ ምንጣፍ የለበሰ ጠረጴዛ አለ፤ ግድግዳውን ተደግፈው መስታወቶች በጠርዛቸው ቆመዋል፤ እንግዳ ሰው ከገባ እጁን ኪሱ ውስጥ እንዲከት ይታዘዛል። ትልልቁን መስታወት ባልና ሚስት በእግራቸው ነው የሚያደርሱት፤ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ፣ መስታወቱ መሃል። ሕጋቸው አንድ ነው፤ የመጣ ቢመጣ መጀመሪያ መስታወቱን ማትረፍ። የተቆረጠ ጣት ይሽራል፣ የተሰነጠቀ መስታወት ግን ማን ያሽረዋል ባይ ነው ጋሽ ቀስ። ለዚህ ምስክር የሚጠራው የግራ እጁን ሌባ ጣት ጫፍ ነው፤ እሱም የለም።

በዚያ አስፋልት ላይ ሞተረኞች እንዳሻቸው ይጋልባሉ። ቀኙ ሲሞላ በግራ፣ ግራው ሲሞላ በእግረኛ መንገድ ይመጣሉ። ሰው አጠገብ ሲደርሱ ክላክሱን ያንባርቁታል እንጂ ፍሬን የሚባለው ነገር ለጌጥ የተገጠመ ነው የሚመስላቸው። የሚያስቀው ደግሞ ስፖኪዮ በሰበሩ ቁጥር የሚመጡት እዚያው ጋሽ ቀስ ዘንድ መሆኑ ነው። ከሁሉም የባሰው «አውሎ» የሚሉት ዕቃ አመላላሽ ጎረምሳ ነው፤ በአንድ ወር ውስጥ አራት ስፖኪዮ አስቆርጧል። ጋሽ ቀስ መስታወቱን እየገጠመለት፣ የፊትህን ሳታይ የኋላህን ማየት ምን ያደርግልሃል ብሎ ይጠይቀዋል። አውሎ ይስቅና ሞተሩን አስነስቶ ይሸመጥጣል።

ነገሩ ከቀልድ ያለፈው የጋሽ ቀስ እናት ላይ የደረሰ ዕለት ነው። አሮጊቷ የሚኖሩት ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። ከመንገዱ ማዶ፣ አረንጓዴ በር ባለው ቤት ደግሞ ታላቅ እህታቸው አልጋ ይዘው ተኝተዋል። የሚያስታምም ሰው ባይጠፋም፣ ታላቅየው ማንኪያውን የያዙት ታናሽየው ካልሆኑ አፋቸውን አይከፍቱም። ስለዚህ እናት በየቀኑ ከቀትር በኋላ ይሻገራሉ፤ ሾርባ ያጠጣሉ፣ ፀጉር ያበጥራሉ፣ ሰው ያማሉ፣ ይመለሳሉ።

አንድ ቀን በተቃራኒ መስመር የመጣ ሞተር ምርኩዛቸውን መትቶ ለሁለት ሰበረው። እሳቸውም ወደቁ፣ እጃቸውም ወለም አለ፤ ሞተረኛው ዞር ብሎ እንኳ አላየም። ልጃቸው አዲስ ምርኩዝ ገዛላቸው፣ የሸሸውን ቀልባቸውን ግን ከየት ይግዛላቸው። አስፋልቱ ጠርዝ ድረስ ይሄዱና እዚያው ይቀራሉ። ማዶ በመስኮቱ እህትየው እጃቸውን ያነሳሉ፤ እሳቸውም ከወዲህ ያነሳሉ፤ ከዚያ ሁለቱም ያለቅሳሉ። እህትየው ሳምንት ሙሉ እህል የሚባል በወጉ ሳይቀምሱ እየመነመኑ ሄዱ።

ጋሽ ቀስ መንገዱ መሃል ቆሞ እጁን ዘርግቶ ሞተረኞቹን ሊያስቆም ሞከረ፤ ዞረውት አለፉ። ቀይ ጨርቅ አውለበለበ፤ የሚሸጥ መስሎት ዋጋ የጠየቀው አለ። እንዲህ ተስፋ ቆርጦ ሳለ፣ አንድ ጠዋት ከሚስቱ ጋር የሱቅ መስኮት የሚያህል መስታወት ተሸክመው ሲሻገሩ አንድ ነገር ልብ አለ። ሞተረኞቹ በሙሉ ከሩቅ ቆመዋል። እግራቸውን አስፋልቱ ላይ አውርደው በትዕግሥት ይጠብቃሉ፤ አውሎ እንኳ አንገቱን ደፋ አድርጎ እንደ ጨዋ ሰው ቆሟል። ለሰው ያልተያዘው ፍሬን ሁሉ ለመስታወት ተይዟል።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ባልና ሚስት ጓንታቸውን አጠለቁ፤ ጎንበስ ብለው አየር አነሱና አስፋልቱ ውስጥ ገቡ። እናት ከአየሩ ጎን፣ በሁለቱ መሃል ይራመዳሉ። ሞተሮቹ ሲጢጥ እያሉ ቆሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሮጊቷ በመስታወት ታጅበው ይሻገሩ ጀመር። እህትየውም ሾርባቸውን ፉት አሉ፣ ፊታቸው ላይ ደም ዞረ፣ ሐሜቱም ካቆመበት ቀጠለ።

ችግሩ ሦስቱም ሥራውን መውደዳቸው ነው። ሚስት በየመሃሉ ታቃስታለች። ጋሽ ቀስ በሹክሹክታ ይቆጣታል፤ የያዝነው ወፍራሙ ባለ ስድስት ሚሊ ነው፣ አንቺ እንደ ስሱ ባለ ሦስት ነው የያዝሽው ይላታል። በስድስተኛው ቀን እናት አስፋልቱ መሃል ቆም አሉና የሌለውን መስታወት በሻርፓቸው ጫፍ ወለወሉት፤ እፍ ብለው ደገሙት። ከሚጠብቁት ሞተረኞች አንዱ፣ እማማ ግራው ጥግ ቀርቶዎታል ብሎ በጣቱ አመላከታቸው። እሳቸውም አመስግነው ግራውን ጥግ ወለወሉ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ግን ጋሽ ቀስን አፍንጫውን በላው። ቻለ፣ ቻለ፣ አልሆነም። አንድ እጁን ለቀቀና አከከ፤ ስላልበቃው ሁለተኛውንም ለቀቀና ደህና አድርጎ አከከ። መስታወቱ አልወደቀም። ፊት ለፊት የቆመው አውሎ መጀመሪያ አፉን ከፈተ፣ ቀጥሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሰዓት ሳይሞላ ወሬው ለሞተረኛ ሁሉ ተዳረሰ። አውሎም ነገ በመስታወቱ መሃል ሰንጥቄ አልፋለሁ ብሎ ከጓደኞቹ ጋር ተወራረደ።

በማግስቱ እነ ጋሽ ቀስ ምንም ሳይጠረጥሩ አየራቸውን ተሸክመው መሃል አስፋልት ደረሱ። አውሎ ሞተሩን እያስጓራ መጣ፤ ሊቆም እንዳላሰበ ገና ከሩቁ ያስታውቅ ነበር። ያን ጊዜ ባልና ሚስት ያደረጉት ነገር የመስታወት ሰው ካልሆነ ማንም አያደርገውም። ጋሽ ቀስ «መስታወቱን!» አለ። ሁለቱም እኩል ዞሩ፣ እኩል አዘነበሉ፣ በትንንሽ እርምጃ እየሮጡ አየሩን ከመንገድ አወጡትና ግድግዳው ላይ ቀስ አድርገው አስደገፉት። እናትን አስፋልቱ መሃል ብቻቸውን ትተዋቸዋል።

የአውሎም ዓይን የሌለው መስታወት ይያዝበት የነበረው ባዶ ቦታ ላይ ብቻ ነበር፤ አሮጊቷን ከቁብ አልቆጠራቸውም። ያያቸው አጠገባቸው ሲደርስ ነው። ዕድሜ ልኩን ለሰው ያልያዘውን ፍሬን በእጁም በእግሩም ያዘው። ሞተሩ ተንሸራተተ፣ በጎኑ ተኛ፣ የእሳት ብልጭታ እየረጨ ተጎትቶ መጣና ከእናት ጫማ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ።

ጋሽ ቀስ ወደ እናቱ ሲዞር፣ እጆቹ አሁንም ግድግዳው ላይ የሌለውን መስታወት ለመደገፍ እንደተዘረጉ አየ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። እናቱን ጥሎ ያተረፈው አየር ነው።

አውሎ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዶ ተነሳ።

«ጋሼ፣ መስታወት እንደሌለ አውቄ እኮ ነው የመጣሁት» አለ።

የመለሱለት እናት ናቸው። መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ ልጃቸውን አዩ።

«እኔ ግን ነበርኩ» አሉ።

አውሎ ሄልሜቱን አወለቀና መሬት መሬት ያይ ጀመር፤ ጋሽ ቀስ እጆቹን የሚያደርግበት ቸግሮት ከሚስቱ ጋር ወደ አስፋልቱ ተመለሰ። እናት ምርኩዛቸውን ለምራታቸው ሰጡና ሁለት ክንዳቸውን ዘረጉ።

«መቼም አሁን ሁለታችሁም እጃችሁ ባዶ ነው። ያዙኝና አሻግሩኝ፤ እህቴ ሾርባው እንዳይቀዘቅዝባት።»

አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ያዟቸው። የአውሎ ሞተር መንገዱን ዘግቶ እንደተጋደመ ነው፤ ውርርዱን ሊያዩ የመጡት ሞተረኞች ከኋላ ተደርድረው ክላክስ ማስጮህ ጀመሩ። አውሎ የአሮጊቷን ክንድ ሳይለቅ ዞር አለና፣ ቁሙ፣ ሰው እየተሻገረ ነው አላቸው።