የአባቴ ወፍራም ፍላጻዎች

ባሌ ዳምቾ ሌላ ሴት አያይም፤ መንደሩ በሙሉ ይመሰክርለታል። እኔ ግን በሃያ ዓመት ትዳራችን ቅናት አጥቼ አላውቅም፤ ጣውንቴ ምሰሶው ላይ ተሰቅላ ታድራለች። ደጋኑን ነው የምለው። እሷን ቅቤ ቀብቶ ሲወለውል፣ ዝናብ ነካት አልነካት እያለ ሲጨነቅላት፣ እኔ ሳስል አንድ ቀን እንኳ ዞር ብሎ አያየኝም። የቀስት ግጥሚያ ሲደርስ ወንዶቹ ከሚስቶቻቸው ተለይተው ጎተራ ውስጥ ያድራሉ፤ የኔው ጉድ እሷን አቅፎ ይተኛል። ሴት የወንድ ደጋን ከነካች ዕድል ታበላሻለች ስለሚባል፣ ገፋ አድርጌ እንኳ ንዴቴን ተወጥቼባት አላውቅም።

እኛ ዘንድ ወንድ ሲያገባ ወደ ሚስቱ ቤት ይገባል። ዳምቾ እኔን፣ ሪንዚን ደግሞ ታናሽ እህቴን ጪሚን አግብተው ሁለቱም በአባቴ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ። አባቴ አፓ ቶብጌ የመንደሩ ፍላጻ ሠሪ ነው። ባለፈው መኸር ለአዲሱ ዓመት ግጥሚያ ለሁለቱም ሠራላቸው፤ ለሪንዚን ቀጭንና ልስልስ፣ ለዳምቾ ወፍራምና ድርቅ ያለ።

"አየሽ?" አለኝ ዳምቾ ሰው ዞር ሲልልን። "ለልጁ የተመረጠውን፣ ለኔ የድንኳን ካስማ!"

"ፍላጻ ፍላጻ ነው፣ ምን ታካብዳለህ?"

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ? አባትሽ ጥሎኛል። ዘንድሮ የመጨረሻውን ቦታ ለዚያ ፀጉሩን ለሚቀባባ ሊሰጠው ነው።"

ለመንደራችን መጨረሻ ላይ የሚወረውረው ምርጡ ነው፤ እሱም ዳምቾ ነው። ቤቱ የእኔ ነው፣ እርሻው የእኔ ነው፣ ላሞቹም የእናቴ ነበሩ። የራሱ የሚለው ያችን ቦታ ብቻ ነው፤ እሷን ከተቀማ ምን ቀረው?

ልምምድ ላይ ፍላጻዎቹ ግራ ግራውን እየሄዱ አፈር ላይ ተተከሉ። ፍላጻ ከደጋን ሲወጣ ትንሽ መለመጥ አለበት፤ አልለመጥም ብሎ ከደረቀ ደጋኑን ገፍቶ ወደ ጎን ይሸሻል። ሪንዚን አጠገቡ ዒላማውን እየመታ ይጨፍራል፣ በመታ ቁጥር የሚሰጠውን ቀለማም ጨርቅ ወገቡ ላይ ይሸጉጣል።

"ዳምቾ፣ ዒላማው ቤት ቀየረ እንዴ?" አለ አንዱ።

"ተወው፣ ድንች እየተከለ ነው!" አለ ሌላው።

እኔም ሳቅሁ። ጣውንቴ ስትዋረድ ማየት ደስ ይላል።

የነገሩን ሥር ግን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ከሁለት ዓመት በፊት ቀኝ ትከሻው ሲታመም ደጋኗን በስውር አላልቷታል። ደጋናችን ሁለት ቀርከሃ ነው፤ እጀታው ላይ ተደራርበው ይታሰራሉ። ድርቡ ሲረዝም ደጋኑ አጥሮ ይበረታል፣ ድርቡ ሲያጥር ይላላል፤ የላላ ደጋን ደግሞ ወፍራም ፍላጻ አያለምጥም። እሱ ድርቡን አሳጠረው፤ እኔም ትከሻውን በሙቅ ቅቤ እያሸሁ፣ ለአባቴ ትንፍሽ እንዳልል ምያለሁ። አባቴ የሚያውቀው የዱሮውን ዳምቾ ነው።

"ሄደህ ቀጭን ይሥሩልኝ በለው" አልኩት።

"የሪንዚንን ትራፊ? ሞቼ ነው!"

መጀመሪያ እጀታው ጎን ላይ ፍላጻው የሚታከክበትን ቆዳ ፍቆ አሳሳው። ፍላጻው አሁንም ግራ ሄደ፤ ግን ቀረብ አለ። ወፍራሙን የሳማ አውታር በቀጭን ለወጠው፤ አሁንም ቀረበ እንጂ አልመታም። የቀረው አንድ ነገር ነበር። ማሰሪያውን ፈታ፣ ድርቡን እንደ ዱሮው አስረዘመ፣ አንዱን ጫፍ በእግሩ ረግጦ ክሩን በጥርሱ እየሳበ፣ እያቃሰተ አሰራት። ቆሜ አየሁት። ለእኔ እንዲህ ታግሎልኝ ያውቃል? አያውቅም።

አዲስ ዓመት ደረሰ። የወንዝ ማዶ መንደር ሴቶች ወሬው ደርሷቸው "ግራ ዘመሙ መጣ!" እያሉ ዘፈኑበት። ዳምቾ ሳበ። ፊቱ ልውጥ ሲል አየሁት፤ ሌላ ሰው አላስተዋለም። ፍላጻው ቀጥ ብሎ ሄዶ ዒላማው መሀል ተሰካ፤ አሸነፍን። ወንዶቹ ክብ ሠርተው ሲጨፍሩ እሱ አንድ እጁን ብቻ አነሳ።

በማግስቱ ትከሻው አብጦ ግቢ ውስጥ ተቀመጠ፤ ቃሪያ በአይቡን እኔ አጎርሰዋለሁ። አባቴ መጥቶ ደጋኗን አነሳና እጀታዋን አገላበጠ። የአጭሩ ማሰሪያ ምልክት እንደ ጠባሳ ነጥቶ ይታያል።

"አላልተሃት ነበር?"

ዳምቾ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

"ለምን አልነገርከኝም? ቀጭን እሠራልህ አልነበር?"

"ለሪንዚን ያደሉለትን ዓይነት?"

"ማድላት? ለሱ የሰጠሁት የጀማሪ ነው! ይሄን ወፍራሙን የሚችል ክንድ በዚህ ሸለቆ ያንተ ብቻ ነው ብዬ ነው የሠራሁልህ።"

ሪንዚን በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። "እኔስ ብትል፣ አጮ" አለ አንገቱን ደፍቶ፤ ታላቅ ወንድም ማለቱ ነው። "ከመኸር ጀምሮ በቅናት ተቃጥዬ አለቅሁ። አፓ ልጅ ነው ብለው ናቁኝ እያልኩ።"

"ጉድ ነው! ቤቴን የቀናተኞች ማኅበር አደረጋችሁት" አለ አባቴ። "በል ፍታት። አላላት፣ እኔ በልኳ ፍላጻ እሠራልሃለሁ።"

በአንድ እጅ ማሰሪያ አይፈታም። ሪንዚን "ልያዝልህ" ብሎ እጁን ዘረጋ። ዳምቾ አልሰጠውም፤ ዞሮ እኔን አየኝ።

"ያንግዞም፣ ነይ ያዢልኝ።"

"ሴት?" አለ አባቴ።

"ትከሻዬን ይዛ የከረመችው ማን ሆነና?"

እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ያዝኳት። ቅቤ ቅቤ ትሸታለች፤ ለትከሻው የማሞቀው የእኔው ቅቤ ነው። ዳምቾ በግራ እጁ ክሩን መፍታት ጀመረ፣ እኔ አጥብቄ ያዝኩለት። ቀና ስል እህቴ ጪሚ በመስኮት ታየናለች። እሷ የሪንዚንን ደጋን ነክታ አታውቅም። አስተያየቷን ወዲያው አወቅሁት፤ ሃያ ዓመት ሙሉ እኔ ደጋኗን ያየሁት እንደዚያ ነበር።