ኒም ያልነበረው ቅጠል

ፔቺያምማል ለኮሌጃችን ቤተ ሙከራ ቅጠል ማምጣት ከጀመረች ስምንት ዓመት አልፏታል። በመላው የሕንዷ ከተማችን ቲሩኔልቬሊ ቅጠል ሸምጥጣ ለሳይንስ የምታስረክብ ሌላ ሴት ትኖር ይሆን? እኔ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ አንድም አላውቅ!

ማክሰኞ ማክሰኞ ኒም ከሚባለው መራራ ዛፍ አንድ ጆንያ ቅጠል ለካያልቪዚ ታመጣለች። ካያልቪዚ የዶክትሬት ተማሪያችን ናት። ቅጠሉን ቀቅላ ታጠልለውና ውሃውን ከወርቅ ጨው ጋር ታዋህደዋለች። ወርቁ ዓይን የማያየው ብናኝ ይሆናል፤ ከቅጠሉ የወጣው ንጥረ ነገርም ይለብሰዋል። ያኔ ብልቃጡ ወይን ጠጅ መስሎ ቁጭ! ይህ ቀይ ውሃ በሳህን ያደጉ የጡት ካንሰር ሴሎችን ይገድል እንደሆነ ነው የምትፈትነው።

ሐምሌ ላይ ብልቃጡ መቅላት እምቢ አለ። ጭቃ መሰለ። ካያልቪዚ ዕቃ አጠበች፣ ጨው ለወጠች፣ ሰባት ሳምንት ደጋገመች። በመጨረሻ አማካሪዋ ፕሮፌሰር በሰው ፊት፣ «ችግሩ እጅሽ ነው! በዚህ ወር ካልተስተካከለ ሌላ ርዕስ ፈልጊ» አሏት። ፔቺያምማል ጆንያዋን አቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

በማግስቱ ባዶ እጇን መጣች። ወንበር ብሰጣት አልቀመጥም ብላ ወደ ካያልቪዚ ዞረች።

«ልጄ፣ እጅሽ ምንም አልሆነ። ቅጠሉ ኒም አይደለም።»

«ምን?»

«የመንገዱን ኒም ለአስፋልት ሲሉ ቆረጡት። ሌላው ያለው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ከጓሮዬ የሚመስለውን ሸመጠጥኩልሽ።»

ካያልቪዚ ለስለስ ብላ፣ «ይሁን እማማ፤ ዛፎቹ ይመሳሰላሉ። ተሳስተው ነው» አለቻት።

ማምለጫ ሰጠቻት። ፔቺያምማል ግን አልተቀበለችም።

«ምን ተሳስቼ! በየዓመቱ ለእንስት አምላካችን ለማሪያምማን በዓል የኒም ቅጠል ወገቤ ላይ የማስር ሴት! ዓይኔን ጨፍኜ በጠረኑ እለየዋለሁ። አውቄ ነው።»

«ትናንት ስሰደብም ቆመው ያዩ ነበር እኮ።»

«አየሁ።» የሳሪ ልብሷን ጫፍ ፊቷ ላይ ጎተተች። «ፕሮፌሰሩ ጋ እኔው እገባለሁ።»

ገባች። ምን እንደተባለች አልሰማንም፤ ስትወጣ ግን ቀና ብላ አላየችንም። ካያልቪዚ የሞተር ቁልፏን አንስታ፣ «ማዶ የት ጋ ነው? ከኋላዬ ይፈናጠጡ» አለቻት።

ከማዶ ያመጡትን ኒም ቀቅላ ሞከረች፤ ከሰዓት በኋላ ብልቃጡ ቀላ። «ቀላ! እማማ፣ ይዩ እንጂ!» ብለን ጮኽን። ፔቺያምማል መሬት መሬቱን ታይ ነበር።

ዛሬም ማክሰኞ ማክሰኞ በካያልቪዚ ሞተር ከማዶ ቅጠሉን፣ ኒም መሆኑ ለሁሉም እንዲታይ፣ ከነቅርንጫፉ ታመጣለች። ብልቃጡ እስኪቀላ በሩ ላይ ትጠብቃለች። ወንበሩን ሁሌም አወጣላታለሁ፤ እስካሁን አልተቀመጠችበትም።