በወዲያ በኩል የተቆጠረ ፊደል

ልጄ መጀመሪያ በእግሯ የቆመች ዕለት ጎረቤቱን ሁሉ አስደነገጥኩ። ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ የበግ ጠጉር እፈትላለሁ፤ እሷ የድንጋዩን አጥር ይዛ ብድግ አለች፣ አንድ እጇን ለቀቀች፣ ሁለተኛውንም ለቀቀች፣ ቆመች። እንዝርቴን ጥዬ እልልታዬን አቀለጥኩት። ማዶ ያሉት ሴቶች የማን ሚስት ወለደች ብለው ነጠላቸውን እያጣፉ መጡ፤ አንዷማ ለገንፎ የሚሆን ዱቄት ይዛ ነበር። "ምን ተወለደ?" አሉኝ። "ልጄ ቆመች" አልኳቸው። ተያይተው "ይቺ ሴትዮ ጤናም የላት" ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ። ዱቄቱን ግን አልመለስኩም፤ አገንፍተን አብረን በላነው።

እንግዲህ እኔ እንዲህ ነኝ። አገሬው ልጁን ዝም ብሎ ነው የሚያሳድገው። ጥርስ አወጣ፣ አወጣ ነው፤ "እማ" አለ፣ አለ ነው። እኔ ግን የልጄ አንዲት ጥርስ ብቅ ስትል ከንፈሯን ገልጬ ለሚያልፍ ለሚያገድመው ሁሉ ሳሳይ እውል ነበር። አማቴ፣ የባሌ አባት፣ ይቆጡኛል። "አንቺ ልጅ፣ ከአንቺ በፊት የወለደ የለም እንዴ? ዓይን ያርፍባቸዋል፣ ዝም በይ" ይሉኛል። እሺ እላለሁ። ወዲያው ደግሞ ሌላ ነገር ትሠራና እሺታዬን እረሳዋለሁ።

ትንሹ ወንድሟ ሲወለድ እኔን ትንሽ አደብ ትገዛለች ብለውኝ ነበር፤ ባሰብኝ። እሱ ደግሞ መሄድ ሰነፈ። ዳዴ ሲል ከርሞ ከርሞ፣ እኩዮቹ ሲሯሯጡ እሱ አመዱ ዳር ተቀምጦ ያያቸዋል። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት በግ ደጃችን ላይ ገብስ ስትለቃቅም ጠጉሯን ጨምድዶ ያዘና ተነሣ። በጓ ሄደች፤ እሱም ተከትሎ ሄደ። በጓ ተናድዳ ስታመልጠው እጁ ባዶ ቀረ፣ እግሩ ግን አልቆመም፤ እየተንገዳገደ እስከ በረቱ ደረሰ። ባሌ "ሰው እናቱን ይዞ ይሄዳል፣ ያንቺ ልጅ በበግ መሄድ ተማረ" አለና በሳቅ ሞተ። እኔ በጓን አቅፌ ሳምኳት። እሷማ ምን በወጣት፣ ራግጣኝ ሄደች።

ይህ ሁሉ ደስታዬ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። እኔ እዚህ ቤት የገባሁት ጥርሴን ሳልነቅል ነው። በኛ አገር ያኔ ልጅ በሕፃንነቷ ትታጫለች፣ ትንሽ ሰንብታ ወደ አማቶቿ ቤት ትወሰዳለች፣ እዚያው ታድጋለች። ክፉ ሰዎች አልገጠሙኝም፤ አማቴ ያሳደጉኝ እንደ ልጃቸው ነው፤ "አንቺ ልጅ" የሚሉኝም ለዚያ ነው። ግን እናቴ የመጀመሪያ ጥርሴ ሲነቀል አላየችም። መጥረጊያ አንሥቼ ደጅ የጠረግኩ ዕለት፣ ጠጉሬን ራሴ የተሠራሁ ዕለት፣ አላየችኝም። እኔ የራሴን ልጅ ሁሉን ነገሯን ላይላት ፈልጌ ነበር። አንዲትም እንድታመልጠኝ አልፈለግሁም።

ልጄ አምስት ዓመቷን ስትይዝ ሌላ ጉድ መጣ። ደብሩ ከደጃችን ቁልቁል ነው። ጠዋት ጠዋት የፊደል ልጆች ጩኸት ውርጩን አቋርጦ ይሰማናል፤ "ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ" እያሉ ያስተጋቡታል። እሷም ወንድሟን አዝላ እየወዘወዘች አብራ ትላለች። እኔ እሹሩሩ መስሎኝ ነበር። አንድ ጠዋት ከቤት ጠፋች። ብጠራ የለችም። ደሜ ፈልቶ አርጩሜ ይዤ ብወርድ፣ ከወንዶቹ መሃል ተሸጉጣ አፏን ከፍታ ትጮሃለች። የኔታ አርጩሜዬን አዩና "ማንን ልትመቺ ነው? እኔ አልጠራኋት፣ ራሷ መጣች። የመጣን አልመልስም፤ ተያት" አሉኝ። ተውኳት። ወደ ቤት ስመለስ አርጩሜውን የት እንደጣልኩት እንጃ፤ ደስታው ስንቱን ያስረሳል።

ከዚያ ወዲያማ ቤታችን ሌላ ሆነ። ማታ ማታ የምድጃውን አመድ በእጇ ታስተካክልና በስንጥር ትጭራለች። "ይቺ ማን ናት?" እላለሁ። "ለ ናት።" "ይቺስ?" "መ ናት፣ እማዬ፣ ትናንት ነገርኩሽ እኮ" ትለኛለች፤ ደግሞ ቁጣዋ። እኔም ባሌም ፊደል አናውቅም። አማቴም አያውቁም። ጎረቤቶቼን እጃቸውን ይዤ አስገባና አመዱን አሳያቸዋለሁ። "ለኛ ሁሉም የዶሮ ጭረት ነው" ይሉኛል። የሚያደንቅ ሲጠፋ እኔው አደንቃለሁ። አመዱን ለመጥረግ እንኳ እየሳሳሁ ምድጃዬ ሳይጠረግ ያድር ነበር።

በጥር አንድ ሰው መጣ። ከገደሉ ማዶ ያለ፣ ባለ በቅሎ፣ ባለ መሬት፣ የአማቴ የልጅነት ወዳጅ ነው። በሉ፣ ጠጡ፣ ሳቁ። እኔ ጠላ ልጨምር ስገባ "እንግዲህ ልጅ ለልጅ እንሰጣጥ፤ ያቺ ፊደል ቆጣሪዋ ለኔ ልጅ ትሁን" ሲል ሰማሁ። ክው አልኩ። ባሌን አየሁት፤ ባሌ አባቱ ፊት አፉን አይከፍትም፤ መሬት መሬት ያያል። አማቴ "በጎ ነው፣ እናስብበታለን" አሉ። ሰውዬው በቅሎውን ጭኖ እስኪሄድ ድረስ እንዴት እንደቆየሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

እንደወጣ ከአማቴ እግር ላይ ወደቅሁ። "አባባ፣ አፈር ስሆንልዎ፣ ትቆይልኝ" አልኩ።

"ምነው፣ አንቺስ እንዲሁ አይደል የመጣሽ? ምን ጎደለብሽ?"

"ከርስዎ ምንም አልጎደለብኝም። እናቴ ግን ስታድግ አላየችኝም። እኔ ስታድግ ልያት።"

ከዘራቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ። ከዚያ "ወዳጄን በባዶ እምቢ ልለው አልችልም" አሉ። "ምን ብዬ ልመልሰው? ፊደል ትቆጥራለች ትያለሽ። እንግዲያው እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ድረስ ትቁጠር። ሰው ፊት ከቆጠረች፣ ትምህርት ይዛለች ብዬ አቆየዋለሁ። ካልቆጠረች ግን ቃሌን እሰጠዋለሁ፤ ያን ጊዜ አታልቅሽብኝ።"

ያን ዐቢይ ጾም እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ልጄ ምንም አታውቅም፤ እኔ ነኝ የምንጨረጨረው። ስትተኛ ከጎኗ ሆኜ ትንፋሿ ውስጥ ፊደል ያለ ይመስል አዳምጣለሁ። ስትነቃ "በይ እስቲ" እላታለሁ። እሷም ያለ አንዳች ማመንታት ትለዋለች፤ ሀሁን ጨርሳ አቡጊዳ ጀመረች። ልቤ እንዲያው ሊበር ይደርሳል። ቆጥራለች አልኩ፤ አለቀ፣ ደቀቀ።

ዳግማይ ትንሣኤ ደረሰ። ሰውዬው መጣ። የኔታም የፊደል ገበታቸውን ጠቅልለው መጡ። አማቴ አጎዛ አነጠፉ፣ ልጄን አስቀመጧት፣ ገበታውን ፊቷ ዘረጉት፤ ራስጌው ላይ መስቀል ስለተሣለበት የትኛው ላይ የትኛው ታች እንደሆነ እሳቸውም ያውቃሉ። "በይ" አሏት። ልጄ ዓይኗን ጨፍና ከሀ ጀምራ አንበለበለችው። እኔ በጓዳው በር በኩል ቆሜ ላቤ ይንጠፈጠፋል። ስትጨርስ ቤቱ "እሰይ" አለ።

እንግዳው ግን ሞኝ አልነበረም። "በቃልማ ማንም ይለዋል። እስቲ እያመለከትክ ጠይቃት" አለ።

አማቴ በከዘራቸው ጫፍ አንዷን ነኩ። "ይቺ ማን ናት?" ልጄ ዝም። ሌላ ነኩ። ዝም። ፊደሉን ታየዋለች፣ ግንባሯን ትቋጥራለች፣ እንደማታውቀው ሰው ታየዋለች። የኔታ እንኳ ደንግጠው "ምን ሆንሽ ልጄ፣ ትናንት የነገርሽኝን?" አሏት። ዝም። እንግዳው ፈገግ ብሎ "ተዋት፣ ልጅ ናት፣ ምን ታድርግ" አለ። ያ ፈገግታው አንጀቴን ቆረጠው።  ልጄ ሄደች፣ አልኩ በልቤ።

ልጄ ብድግ አለች። አማቴ የምትሸሽ መስሏቸው "ወዴት ነው?" አሉ።  ገበታውን ዞረች፣ በወዲያ በኩል፣ በመስቀሉ በኩል ቁጢጥ አለች፣ ትንሿን ጣቷን ሰደደች። "ይቺ ረ ናት። ይቺ ቀ ናት። አባባ፣ አሁን ይጠይቁኝ" አለች።

አማቴ ከዘራቸውን አነሡ። ነኩ፤ መለሰች። ከመሃል ነኩ፤ መለሰች። ከታች፣ ከጥግ፣ ከየትም ነኩ፤ ከዘራው ሳያርፍ ትለዋለች። የኔታ በሳቅ ፈረሱ። ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ "ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ። "ገበታችን አንዲት ናት። መሬት እዘረጋታለሁ፣ ልጆቹ ይከቧታል። ትልልቆቹ ከኔ ጋር በፊቷ በኩል ይቀመጣሉ፣ ይቺን ቦታ አጥታ በወዲያ በኩል አስቀመጥኳት። ለካስ ልጅቱ ፊደልን ሁሉ ገልብጣ ነው የያዘችው!"

ያን ሁሉ ሌሊት አመድ ላይ ስትጭረው፣ እኔም ጎረቤት እየጠራሁ ሳስደንቅበት የኖርኩት፣ ራሱን ዘቅዝቆ ኖሯል። ለኔ ምን ቸገረኝ። ሲሆን ሲሆን እንዲያውም ከወንዶቹ የበለጠ ነገር ነው የሠራችው፤ እነሱ ቀና ያለውን ነው ያነበቡት፣ የኔዋ የተገለበጠውን። ሮጬ ላቅፋት ስል እንግዳው ተናገረ።

"ይሄማ ቆጠረች አይባልም" አለ። "ግልብጥ ነው። በል ቃልህን ስጠኝ።"

አማቴ ጢማቸውን እየደባበሱ ልጅቷን አዩ። እኔን አዩ። ከዚያ "ልክ ብለሃል" አሉ። ነፍሴ ካፌ ልትወጣ ደረሰች። "ግልብጥ ነው። ታዲያ ፊደል ገልብጣ የምታነብ ልጅ ብሰጥህ ነገ አገር ምን ይለኛል? ለወዳጁ ያላለቀ ነገር ሰጠ አይለኝም? አላደርገውም። አቅንታ እስክትቆጥር ታገሠኝ። ያን ቀን ና፣ ያን ቀን እንነጋገራለን።"

"ስንት ጊዜ ይፈጅባታል?"

"እኔ ምኑን አውቄ፣ የኔታን ጠይቃቸው እንጂ።"

የኔታ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው "እንዲህ ያለው ቶሎ አይቃናም፤ ብዙ ጊዜ ይወስዳል" አሉ። ሰውዬውም ምን ይበል፣ እሺ ብሎ በቅሎውን ጭኖ ወጣ።

አማቴ በሚቀጥለው ገበያ መሐል ሜዳ ከተማ ወጥተው በወፍራም ወረቀት የታተመ ገበታ በበርኖሳቸው ሸሽገው አመጡ። "ለትንሹም ይሆናል" አሉኝ፣ ሌላ ነገር ሳይጨምሩ። ክረምቱ ሳይገባ ልጄ አቀናችው። በፊትም በኋላም፣ በጎንም ብትሏት ታነበዋለች። ወንድሟ ከጎኗ ተኮልኩሎ በአፉ ምራቅ ሞልቶ "ሁ" ይላል፣ ከሁ አይዘልም። ኋላ እኔንም በዚያው ገበታ ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። ያኔ ግን ደስታዬን የማደርግበት ጠፋኝ፤ ለጎረቤት እንዳላወራ ወሬው ገደሉን ይሻገራል። የነገሩ ሁሉ መከራ እሱ ነበር፤ እኔ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። ሲብስብኝ በረት ገብቼ ለበጎቹ አወራለሁ።

ገብሱ ታጭዶ ተወቅቶ ሲያበቃ በቅሎዋ ዳገቱ ላይ ታየች። ሰውዬው ገባ፣ ተቀመጠ፣ "አቀናች ወይ?" አለ። አማቴ አጎዛውን አነጠፉ፤ ገበታውን ዘረጉ፤ መስቀሉን ወደ ላይ አደረጉ፤ ልጅቷን ጠርተው ፊት ለፊቱ አስቀመጧት። ያን ዕለት ጠዋት እዚያው አጎዛ ላይ፣ የሳቸው ጉልበት ላይ ተቀምጣ፣ ከሀ እስከ ፐ አቅንታ አንዲት ሳትስት አንብባላቸዋለች፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። "በይ እስቲ" አሏት።

ልጄ እንግዳውን አየችው። እኔን አየችኝ። እኔ ምንም አላልኳት፤ ማንም ምንም ብሏት አያውቅም። ብድግ አለች፣ ገበታውን ዞረች፣ በወዲያ በኩል ቁጢጥ ብላ ጣቷን ሰደደችና ጀመረች።

አማቴ የወዳጃቸውን ዋንጫ ሞሉለት። "አየህ" አሉት፣ "ገና ናት።"