ባዶውን የማይመለስ ድስት

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ጎረቤቴ ምግብ የላክሁበትን ሳህን አጥባ አመጣችልኝ። ባዶውን በመመለሷ አፍራ አንገቷን ደፋች። ደሴ ላይ እንኳ ይህን ነውር የሚል ሰው እየጠፋ ነው። እኔን ግን መካ ወሰደኝ።

እዚያ ነካሳ የሚባል ሰፈር ኮረብታ ላይ ስንኖር አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። እናቴ ከአሠሪዋ ቤት ጠፍታ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ዛሂር ሰፈር በተመላላሽነት ቤት ታጸዳለች። የምማረው የአገራችን ሰዎች በተከራዩት ጠባብ ቤት ነው። ቀትር ላይ አንድ ደግ ሰው የሚልከው ሄል ሄል የሚሸት ሩዝ ይመጣል። የተረፈውን መምህራችን ኡስታዝ ሰዒድ በድስት እየሞሉ ለተማሪ ቤተሰብ በየተራ ይሰጣሉ። እናቴ ደግሞ የወሎ ሰው ናት፤ የሰው ዕቃ ባዶውን አትመልስም። ጥቁር አዝሙድ ያለበት አምባሻ ትሞላበትና ታስይዘኛለች።

ረመዳን ሊገባ ሲል ፈቃድ የሌላቸውን የሚይዘው የፖሊስ ፍተሻ ጠና። በየማለዳው በሰፈራችን አንድ በር እንደተቆለፈ ይውላል፤ የት ገቡ ብሎ የሚጠይቅም የለም። ኡስታዝ ጠርተው እናቴ ከቤት እንዳትወጣ አስጠነቀቁኝ። ስነግራት ሊጥ ታሻለች።

«ድስቱም ይቆይ ብለዋል፣ እማዬ።»

«ልጄን ሲያበሉልኝ ከርመው፣ ሐቃቸውን ተሸክሜ ረመዳን ይግባብኝ?» አለች። «ዛሬስ ራሴ ወስጄ በአፌ ነው የማመሰግናቸው። ኸላስ፣ በቃ፣ አንቺ ቅደሚ።»

ብለምናትም አልሰማችኝም። ትምህርት ላይ ሳለን መኪና ከበራችን ቆመ። ኡስታዝ መስኮቱን ዘግተው ዝም አሰኙን። ሞተሩ ሲርቅ ወጡና ቆይተው ተመለሱ። የዚያን ቀን ሩዝ አልመጣም። ኡስታዝ ዓይኔን ሳያዩ አምባሻ ቆርሰው አደሉን። ገና ለብ ያለ ነበር። ጥቁር አዝሙዱ ጥርሴ ላይ ሲሰበር የማን እጅ እንደሆነ አወቅሁ። ቢሆንም ዋጥሁት፤ ርቦኝ ነበር።

ድስቱን ደጃፍ ላይ እንዳገኙት ኡስታዝ የነገሩኝ በኋላ ነው። እናቴን በዚያው መኪና ወስደው ወደ አገር መለሷት፤ እኔንም ኡስታዝ ከወራት በኋላ ወደ አገር ከሚመለሱ ሰዎች ጋር ላኩኝ። ደሴ መናኸሪያ ስማ ሳትጠግበኝ ጠየቀችኝ፦

«ድስቱ ደረሰላቸው?»

«ደርሷል» አልኳት። አልሐምዱሊላህ ብላ እንባዋን ጠረገች። አሁን እሷ በሕይወት የለችም።

ሐሳቤን ስመልስ ጎረቤቴ ገና ደጃፌ ላይ እንዳፈረች ቆማ ነበር። «እንኳን ባዶውን ሆነ፣ ልጄ» አልኳት። እንደ ቀልድ ወስዳው ሳቀች።