ጭስ ያልወጣባት ቤት

ዛሬ መምህሬ ሥዕሌን ሊያርምልኝ የመሳያ ከሰል ሲያነሳ እጁን ለቀም አድርጌ ያዝኩት።

ጡረታ ወጥቼ እዚሁ መካነ ሰላም ኮሌጅ ሥዕል እየተማርኩ መሆኔን ታውቃላችሁ። የመጀመሪያ ቀን ልጆቹ ወላጅ አምጣ የተባለ ተማሪ እናት መስያቸው ነበር።

የዛሬው ሥራ "ረሃብ" የሚል ነበር። ሁሉም የገጠጠ የጎድን አጥንት ሳሉ። እኔ በስድሳ ስድስቱ ድርቅ ጊዜ የነበረውን መንደራችንን ሳልኩ፤ ሦስት የሣር ቤቶች፣ ከሁለቱ ጣሪያ ጭስ የሚወጣ።

"እማማ፣ የሦስተኛዋን ጭስ ረስተውታል። ልጨምርልዎት?" አለኝ መምህሩ።

ያኔ የሚበስል ባይኖርም እሳት ይነድ ነበር። እናቴ ጦማችንን ማደራችንን ጎረቤት እንዳያውቅብን ባዶ ውሃ ጥዳ ታጨስ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባም ከነልጆቻቸው እንደዚያው።

አንድ ጠዋት ከእሳቸው ቤት ጭስ አልወጣም። አባቴ በሩን ገፍቶ ገባ። ሲወጣ "ዶማ አምጡልኝ" ብቻ ነው ያለው።

"አልረሳሁትም ልጄ" አልኩት መምህሩን። ከሰሉን አስቀመጠው።

በእናንተስ መንደር ጭስ ያልወጣው ከማን ቤት ነበር? ትልልቆቹን ጠይቁና ስማቸውን እዚህ ጻፉልኝ።